ጄፒን ወክ ስናደርጋት

«ወክ» ማድረግ አገራችን ያስለመደችን ነገር ነው። ጎንደር ፒያሳ ይሁን ደሴ፣ ሆሳዕና ይሁን ባሕር ዳር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በረድ ስትል ሸሚዝ ተተኩሶ፣ ጫማ ተወልውሎ ይወጣል። የሚሄዱበት ጉዳይ የለም። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ደርሶ መመለስ ብቻ ነው። ታዲያ በመሀሉ ሰላምታው ይለዋወጣል፣ የማን እናት እንደታመመች ይሰማል፣ አዲስ የተከፈተው ሱቅ ይታያል፣ የፈረሰው ቤት ይታዘንለታል። ማታ ቤት ሲገባ የከተማው ነገር ሁሉ ታውቋል።

ወደ ጆሃንስበርግ ስንመጣ ግን ይህ ልማዳችን ኬላ ላይ የተወረሰብን ይመስላል። እዚህ ያለ ጉዳይ የሚራመድ አበሻ ማግኘት ይቸግራል። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ነው። አርብ መስጊድ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሲመች ደግሞ ከዘመድ ጋር ክትፎ ቤት። ከዚህ ያለፈው ከተማ ከመኪና መስኮት ውጪ የሚሮጥ ፊልም ነው። ሃያ ዓመት ጄፒ ነግደው የሚቀጥለው መንገድ ላይ ምን እንዳለ የማያውቁ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም።

ምክንያት የለንም አይባልም። ሌባው አለ፣ ድካሙ አለ፣ የወረቀቱ ነገር አለ። ሆኖም «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላልና፣ ልጆቻችን ተወልደው የሚያድጉበትን ከተማ እኛው ሳናውቀው ለእነሱ ምን ብለን እናሳያቸው? በመሆኑም ዛሬ ውድ አንባቢያንን ይዘን ቅዳሜ ጠዋት ወክ እንወጣለን። ክፍያ የለውም፤ የሚያስፈልገው ምቹ ጫማ ብቻ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

እኩያሞቹ ከተሞች

ከመነሳታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ጆሃንስበርግና አዲስ አበባ እኩያሞች ናቸው። በ1886 እዚህ የወርቅ መሬት ለቆፋሪዎች ሲከፈት፣ በዚያው ዓመት እዚያ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ የሰፈሩትን ከተማ «አዲስ አበባ» አሉት። አንዱ ወርቅ ፈልጎ፣ ሌላው ፍል ውሃ ወዶ ተቆረቆረ። ሁለቱም የደጋ ልጆች ናቸው፤ ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። አበሻ ብርዱን «አይከፋም» ቢል ምክንያት አለው።

የዚህች ከተማ መሀል ለምን በየጥቂት እርምጃው በመንገድ እንደሚቆራረጥ የገረመው ካለ፣ መልሱ ንግድ ነው። ቦታው ሲሸነሸን የማዕዘን ቦታ ከሌላው ይልቅ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ስለነበረ፣ ማዕዘን እንዲበዛ ተብሎ ብሎኮቹ ጠበብ ተደርገው ተቀየሱ ይባላል። ጄፒ ላይ ለአንዲት የማዕዘን ሱቅ ስንት እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ነጋዴ በዚህ አይደነቅም። ጨዋታው ያኔም ያው ነበር።

ከፓርክ ስቴሽን ስንነሳ

ጉዟችን ከፓርክ ስቴሽን ይጀምራል። ብዙዎቻችን ከተማዋን መጀመሪያ ያየናት በዚህ በር በኩል ነው። በአፓርታይድ ዘመን ጣቢያው ለነጭና ለጥቁር የተለያየ መግቢያ ነበረው። ዛሬ ከሐራሬ፣ ከሉሳካ፣ ከብላንታየር የሚመጡት አውቶቡሶች እዚህ አካባቢ ያራግፋሉ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ፈጣኑ ባቡር ጋውትሬን ከመሬት ሥር ደርሷል። በትልልቅ ዳማ ሻንጣ ተጭነው የሚወጡትን እናቶች ልብ እንበል፤ ወደኋላ እንመለስባቸዋለን።

ከጣቢያው በስተ ምሥራቅ የኑርድ ታክሲ መናኸሪያ አለ። የአገሩ ሰው ታክሲ የሚያስቆመው በጣት ቋንቋ ነው። ሌባ ጣቱን ወደ ላይ ከቀሰረ «ወደ ታውን» ማለቱ ነው፤ ወደ ታች ካመለከተ ደግሞ እዚሁ ሰፈር ውስጥ እሄዳለሁ ማለት ነው። አንድም ቃል ሳይተነፍሱ መሳፈር ይቻላል። ከመናኸሪያው አጠገብ፣ ጁበርት ፓርክ ውስጥ፣ በ1915 የተከፈተው የጆሃንስበርግ የሥዕል ቤት ቆሟል። ንድፉን የሠሩት ስመ ጥሩው የእንግሊዝ አርክቴክት ኤድዊን ሉቴንስ ናቸው። እነ ፒካሶና ሮዳን የሠሯቸው ሥራዎች የስብስቡ አካል ሲሆኑ፣ ጣሪያው ግን ለዓመታት ሲያፈስ ኖሯል። ሀብትና ቸልታ ጎን ለጎን፤ ይህች ከተማ እንዲህ ናት።

ወደ ደቡብ ስናቀና የቅድስት ማርያም ካቴድራልን እናገኛለን። የአንግሊካን ነው። ዴዝሞንድ ቱቱ በ1975 የዚህ ካቴድራል ዲን ሆነው ሲሾሙ በቦታው የመጀመሪያው ጥቁር ነበሩ። በየዕለቱ አልፈነው የምንሄደው ድንጋይ ቤት ይህን ያህል ታሪክ አለው።

የአራቱ ሴቶች ጎዳናዎች

አሁን መንገዶቹን አንድ በአንድ እያቋረጥን እንወርዳለን። እዚህ ላይ አንባቢን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። «ጄፒ» የሚባል ጎዳና ዛሬ በከተማው ካርታ ላይ አለን? የለም። የጥንቱ ስሙ የመጣው ጄፔ ከሚባሉት የቀድሞ ባለሀብቶች ቤተሰብ ነው። በ2014 ከተማው ስሙን ለውጦ ራሂማ ሙሳ ጎዳና ብሎታል። በዚያው ጊዜ ብሪ የተባለው ሊሊያን ንጎዪ፣ ፕሬዚደንት የተባለው ሔለን ጆሴፍ፣ ኑርድ የተባለው ደግሞ ሶፊ ደ ብራይን ተባሉ። የእኛ ሰው ግን ዛሬም ጄፒ ነው የሚለው። የአገሩም ሰው ቢሆን ብሪና ኑርድ ማለቱን አልተወም።

ለመሆኑ እነዚህ አራት ሴቶች እነማን ናቸው? ኦገስት 9 ቀን 1956 ሃያ ሺህ ያህል ሴቶች ፕሪቶሪያ ወደሚገኘው የመንግሥት መቀመጫ ዩኒየን ቢልዲንግስ ተመሙ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር። ጥቁር ሰው በገዛ አገሩ ከተማ ለመቆም ኪሱ ውስጥ ሊይዘው ይገባ የነበረው «ፓስ» የተባለው የይለፍ ደብተር በሴቶች ላይም እንዳይጫን ነው። የፈረሙባቸውን ወረቀቶች ቁልል አድርገው ለጠቅላይ ሚኒስትር ስትራይዶም ትተው ወጡ። ከዚያም ያ ሁሉ ሕዝብ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጸጥ ብሎ ቆመ። ከፊት ሆነው የመሩት እነዚሁ አራቱ ናቸው። ሊሊያን ንጎዪ ጥቁር፣ ሔለን ጆሴፍ እንግሊዝ አገር የተወለደች ነጭ፣ ራሂማ ሙሳ የሕንድ ተወላጅ፣ ሶፊያ ዊሊያምስ ደግሞ ከዚህ አገር ክልሶች ወገን ነበሩ። ያ ቀን ዛሬ በየዓመቱ የሴቶች ቀን ተብሎ ሥራ ይዘጋበታል።

ሊሊያን ንጎዪ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የስፌት መኪና ሰው ነበረች። በስሟ የተሰየመው ጎዳና ዛሬ ከልብስ ነጋዴዎች ሰፈር ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ራሂማ ሙሳ በ1922 ኬፕ አካባቢ ተወልዳ በምግብ ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ያደገች ታጋይ ናት። በ1993 ስታርፍ ነፃው ምርጫ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። ስሟ በከተማዋ ምዕራብ ባለው የእናቶችና የሕፃናት ሆስፒታል ላይም አለ።

በነገራችን ላይ ሊሊያን ንጎዪን ስንሻገር ጁላይ 19 ቀን 2023 የሆነውንም እናስታውስ። ከመሬት ሥር የፈነዳ ጋዝ አስፋልቱን ገልብጦ ታክሲዎችን እንደ ቆርቆሮ ወረወራቸው። አንድ ሰው ሞተ፤ 48 ሰዎች ቆሰሉ።

ደረስን፤ ጄፒ

በራሂማ ሙሳ ወደ ምሥራቅ ስንታጠፍ አፍንጫ ቀድሞ ይነግረናል። የተቆላ ቡና፣ በርበሬ፣ ዕጣን። ጆሮ ይከተላል፤ አማርኛው፣ ሐዲይኛው፣ ከምባትኛው፣ ኦሮምኛው፣ ጉራጌኛው፣ በመሀሉ የዙሉ ቁጥር። ዴልቨርስ ማዕዘን ላይ ቆሞ ዓይኑን የጨፈነ ሰው መርካቶ ነኝ ቢል አይፈረድበትም።

ይህ ሰፈር እንዴት የእኛ ሆነ? ሜዲካል አርትስ የሚባለውን ሕንፃ ማየት በቂ ነው። ስሙ እንደሚናገረው የሐኪሞች ቤት ነበር። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ዓመታት ባለገንዘቡ ወደ ሰሜን ወደ ሳንድተን ሲሸሽ፣ ሐኪሞቹም ከመሀል ከተማ ለቀቁ። ባዶ የቀሩትን ክፍሎች በዘጠናዎቹ የእኛ ሰዎች ይከራዩ ጀመር። በሽተኛ ይመረመርባቸው የነበሩት ክፍሎች በጣውላና በመስታወት እየተከፈሉ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ሱቆች ሆኑ። ከዚያ አጎራባቹ ሕንፃ፣ ከዚያም ሌላው ተከተለ። ዛሬ ጂንሱ፣ መጋረጃው፣ የአልጋ ልብሱ፣ ጫማው ከወለል እስከ ጣሪያ ተሰቅሎ ይታያል። አብዛኛው ከቻይና በመርከብ ደርባን ገብቶ የመጣ ነው።

ደንበኞቹ ደግሞ እነዚያ ፓርክ ስቴሽን ያየናቸው እናቶች ናቸው። ከዚምባብዌ፣ ከዛምቢያ፣ ከማላዊ፣ ከሞዛምቢክ በአውቶቡስ መጥተው፣ ሸምተው፣ ሻንጣቸውን ሞልተው ይመለሳሉ። ስለዚህ ጄፒ የአንድ ሰፈር ገበያ አይደለችም። ባሕር የሌላት ወደብ ናት። ከዚህ የተገዛ ሸሚዝ ሉሳካ ገበያ ላይ ይውላል። ሌላው እጇ ደግሞ ሎኬሽን ይደርሳል። አዲስ የመጣው ልጅ ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ ከበር በር እያንኳኳ በዱቤ ይሸጣል፤ ወር ሲደርስ ተመልሶ ይሰበስባል። በከተማው ያሉ ትልልቅ መደብሮች ለማያምኑት ድኻ ዱቤ የሰጠው ይህ እግረኛ ልጅ ነው።

እንጀራ ቤት ጎራ ካልን ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር እናንሳ። ጤፍ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ይታወቃል። ነገር ግን የሚታወቀው በድርቆሽነቱ ነው። ገበሬው አጭዶ፣ አስሮ ለፈረሱና ለከብቱ ይሰጠዋል። እኛ እህሉን እንላለን፣ እነሱ ገለባውን። ተካፍሎ መኖር ይቻላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በጄፒ ስናልፍ የማይታየውንም ማየት አለብን። ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ እዚህ ማዕዘን ለመድረስ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛንያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ዚምባብዌ ይታለፋል። ማርች 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በተባለው ክፍለ አገር፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ወገኖቻችን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በሕይወት የወጡት 14 ነበሩ። እነዚያ ልጆች ይመጡ የነበረው ወደዚህ ወዳለንበት መንገድ ነው። አንዳንዱ ሱቅ የቆመው በደረሰው ልጅ ላብ ነው፤ ያልደረሰው ወንድም ደግሞ በሱቁ ውስጥ በፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

የደረሰውም ቢሆን ተደላድሎ አይተኛም። ሜይ 2008 በውጭ አገር ሰው ላይ በተነሳው ሁከት 62 ሰዎች ተገደሉ። በ2015ና በ2019ም ተደገመ። ኦገስት 2019 መጀመሪያ ላይ ፖሊስ አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎችን ፍለጋ መሀል ከተማ ገብቶ በድንጋይ ተመለሰ። ከቀናት በኋላ በብዛት መጥቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ የውጭ ዜጎችን አፈሰ። ኖቬምበር 2024 ደግሞ ሕፃናት በመርዝ ከሞቱ በኋላ ስፓዛ ሱቆች ሁሉ እንዲመዘገቡ ፕሬዚደንቱ አዘዙ። ትእዛዙ በሎኬሽን ያለውን ወገናችንን ሁሉ ከእንቅልፉ ቀስቅሷል።

ፍርድ ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ

ከጄፒ በስሞል ጎዳና ወደ ደቡብ ስንወርድ መኪና የማይገባበት፣ ለእግረኛ የተተወ መንገድ ነው። ፕሪቻርድ ማዕዘን ላይ ሴንትራል ሜቶዲስት የተባለው ቤተ ክርስቲያን አለ። በጳጳስ ፖል ቨሪን ዘመን፣ በተለይ ከ2008ቱ ሁከት ወዲህ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች በደረጃውና በመተላለፊያው ላይ ሳይቀር ይተኙበት ነበር። መጠለያነቱ እስከ 2014 መጨረሻ ቆየ። ያኔ ከተማው «ቆሸሸብን» ሲል፣ በሩን ያልዘጋ ቤት መሆኑን አበሻ ሊያውቀው ይገባል።

እዚያው ፕሪቻርድ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይታያል። ስለ ፍርድ ቤት ካነሳን አይቀር አንድ ጉዳይ እናስታውስ። በ2012 በሊምፖፖ ክፍለ አገር ፖሊስ የስደተኛ ሱቆችን በጅምላ ዘጋ። የሶማሌና የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ጉዳዩን እስከ ብሉምፎንቴን ይዘውት ሄዱ። በ2014 የበላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ስደተኛና ጥገኝነት ጠያቂ ነግዶ የማደርን መብት ሕጉ አልነፈገውም ብሎ ፈረደላቸው። እንግዲህ መብታችን በልመና ብቻ የመጣ አይደለም። ተሟግተንም ያገኘነው አለ።

አልበርት ጎዳና ቁጥር 80

አንገት ቀና ሲል ካርልተን ሴንተር ይታያል። 50 ፎቅ፣ 223 ሜትር። በ1973 ከተከፈተ ጀምሮ እስከ 2019 ድረስ በአፍሪካ የሚበልጠው ሕንፃ አልነበረም። ክብሩን የወሰደበት ሳንድተን ያለው ሊዮናርዶ ነው። ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ከከተማው በስተ ደቡብ የሚታዩት ቢጫ ኮረብታዎችም የተፈጥሮ ኮረብታ አይደሉም። ወርቁ ከወጣ በኋላ የተጣለ የድንጋይ ዱቄት ክምር ናቸው። ዛሬ ብዙዎቹ እንደገና እየታጠቡ ቅሪት ወርቅ ይለቀምባቸዋል።

ያው የእኛ ዴልቨርስ ጎዳና ወደ ደቡብ ወርዶ ከአልበርት ጎዳና ጋር ሲገናኝ ቁጥር 80 ላይ አንድ ሕንፃ አለ። ዑሲንዲሶ ይባላል። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁር ሕዝብ የይለፍ ደብተሩን ለመውሰድ የሚሰለፍበት መሥሪያ ቤት ነበር። ኋላ ችላ ተብሎ፣ ማደሪያ ያጣ ድኻ በጣውላና በጨርቅ እየከፈለ ገባበት። ኦገስት 31 ቀን 2023 ሌሊት በእሳት ሲያያዝ 76 ሰዎች አለቁ። ከሟቾቹ መካከል ከማላዊና ከታንዛንያ የመጡ ስደተኞች ይገኙበታል። እዚህ ላይ ኮፍያ አውልቆ ትንሽ መቆም ተገቢ ነው። የጄፒ ሱቆችም በጣውላ የተከፈሉ፣ መውጫቸው የጠበበ ነውና፣ የሱቅህ ሁለተኛ በር ወዴት ነው ብሎ መጠየቅም እንደዚሁ።

የማንዴላ ቢሮና የኮልፌ መንገድ

ወደ ምዕራብ ስንመለስ ጋንዲ አደባባይ ላይ ጠበቃው ወጣት ጋንዲ ካባውን ለብሶ ቆሟል። ከ1893 እስከ 1914 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የኖረ፣ እሱም የውጭ አገር ሰው ነበር። ፎክስ ጎዳናን ይዘን ስንገፋ ከማጅስትሬት ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ቻንስለር ሃውስን እናገኛለን። ኔልሰን ማንዴላና ኦሊቨር ታምቦ በ1952 የጥብቅና ቢሯቸውን የከፈቱበት ነው። የፓስ ሕግ የያዘው ሁሉ ደረጃው ላይ ተሰልፎ ይጠብቃቸው ነበር።

እኚሁ ጠበቃ በ1962 በድብቅ ከአገር ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ። ኮልፌ ላይ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ኃላፊነት የጦር ትምህርት ተማሩ። ስድስት ወር የታሰበው ትምህርት በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ተመለሱና፣ በኦገስት ወር ተያዙ። ታደሰ ብሩም በበኩላቸው በ1975 በደርግ ተገደሉ። ማንዴላ ከኢትዮጵያ ይዘውት የመጡት ሽጉጥ ሪቮንያ፣ ሊሊስሊፍ እርሻ ውስጥ ተቀብሮ፣ በኋላ ቢፈለግ ቢፈለግ ሳይገኝ ቀረ። ያኔ ያለ ወረቀት፣ በተውሶ ስም ድንበር ያቋረጡት እሳቸው ነበሩ፤ በር የከፈተችው ደግሞ አገራችን።

ታዲያ ይህ ወክ ምን ይጠቅመናል?

አንባቢ «ይህን አውቄ ኪራይ ይቀነስልኛል?» ሊል ይችላል። አይቀነስለትም። ነገር ግን ማሰብ የሚገባን ነገር አለ። በ1956 እነ ራሂማ ሙሳ የተነሱት ሰው ከተማ ውስጥ ለመቆም ወረቀት አይጠየቅ ብለው ነው። ዛሬ በእሷ ስም በተሰየመው ጎዳና ላይ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ፣ ቀኑን እየቆጠረ የሚራመደው የእኛ ሰው ነው። ስሟን ሳናውቅ በመንገዷ ላይ ብንነግድ፣ አንድ ቀን «ይህ ከተማ የአንተ አይደለም» ሲሉን መልስ ያጥረናል። ስናውቅ ግን፣ ይህች ከተማ ከመጀመሪያዋም ከሞዛምቢክ፣ ከሌሶቶ፣ ከማላዊ፣ ከሕንድ፣ ከአውሮፓ በመጣ ሰው የተሠራች መሆኗን፣ እኛም ባዶ የቀረ ሕንፃ ላይ መብራት ያበራን ሰዎች መሆናችንን ቀና ብለን መናገር እንችላለን። ያን ንግግር ደግሞ በዙሉ ብንናገረው የበለጠ ይሰማል።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ። ስልኩን የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ወርቁን ቤት ተዉት። ልጆቹን ያዙ። ሥዕል ቤቱን ለማየት ካሰባችሁ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጎረቤት ሱቅ ያለውን የዚምባብዌውን ሰው፣ ጋሪ ገፊውን የአገሩን ልጅ በስሙ ሰላም በሉት። አገር ቤት ወክ ማለት መተያየት አልነበረምን? ሰው ከሚያየውና ከሚያውቀው ጎረቤቱ ላይ ድንጋይ ለማንሳት እጁ ይከብደዋል።

ቸር ይግጠመን።